ጎጂ መሪን በምን እንለየው? በምንስ እንለካው?

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከጓደኛዬ ጋር በቀድሞው የዚምባብዌ መሪ በሮበርት ሙጋቤ ጉዳይ ተከራክረን መግባባት አቃተን። እሱ 'ሕዝቡን አስተማረ፣ መሬቱን አስመለሰ' ይላል። እኔ 'አገር አጠፋ' እላለሁ። አንድ መሪ ጎጂ መሆኑን ከስሜት ወጥቶ የሚለካበት መንገድ አለ ወይ? ካለስ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ብቻ ነው ወይስ ቀድሞም ይታወቃል?»

ሥራዬ የአገሮችን አስተዳደር በመረጃ መገምገም ስለሆነ ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጥያቄዎ በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መለኪያ አለ። ግን አንድ ቁጥር አይደለም። የእናንተ ክርክር አልቋጭ ያለውም ሁለታችሁም መልካሙን ከክፉው ቀንሳችሁ የሚተርፈውን ለማግኘት ስለምትሞክሩ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሂሳብ አያስኬድም። ትምህርት ቤት የሠራ መሪ ባስገደለው ሰው ላይ ቅናሽ አይደረግለትም። ትምህርት ቤቱም ሰው ስላስገደለ ብቻ አልተሠራም አይባልም። ሁለቱም እውነት ሆነው ጎን ለጎን ይመዘገባሉ።

እኔ ጎጂ የምለው የተሳሳተውን ሁሉ አይደለም። የማይሳሳት መንግሥት የለም። ጎጂ የምለው፣ ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት በሥልጣኑ ያደረሰውንና ጉዳቱ እንዳይታወቅና እንዳይታረም በሩን የዘጋውን ነው። ከሁለቱ የኋለኛው ይከብደኛል። ስህተቱን የሚነግረው ሰው ያለው መሪ ቢያጠፋም ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የሚነግረውን ያሰረ መሪ ግን መቆሚያ የለውም።

አሁን ወደ ዚምባብዌ እንሂድ። ጓደኛዎ ስለ ትምህርት የሚለው ትክክል ነው። አገሪቱ በ1980 ነፃ ከመውጣቷ በፊት አንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ከ1 ሚሊዮን በታች ነበሩ። ክፍያው ቀረና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ማንበብና መጻፍ በሚችለው ሕዝብ ብዛት ዚምባብዌ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ሆነች። በዚህ የተነሳ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1984 ለሙጋቤ የክብር ዲግሪ ሰጣቸው።

በዚያው በ1984 መጀመሪያ ደቡብ ማታቤሌላንድ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ግን ይመልከቱ። አገሩ ሦስተኛ የድርቅ ዓመቱን ይዟል። መንግሥት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እርዳታ ያከፋፍላል፤ ሥራውም በደንብ ሠርቷል። ደቡብ ማታቤሌላንድ ላይ ግን ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሱቆች ተዘጉ። የእርዳታ እህል እንዳይገባ ታገደ። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ረሃብ አፋፍ ላይ ደረሰ። ምክንያቱ አካባቢው የሙጋቤ ተቀናቃኝ የነበሩት የጆሹዋ ንኮሞ ፓርቲ የዛፑ ደጋፊ መሆኑ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከጃንዋሪ 1983 ጀምሮ፣ በሰሜን ኮሪያ አሠልጣኞች የሠለጠነው 5ኛ ብርጌድ ሰሜን ማታቤሌላንድ ገብቶ መንደር ለመንደር ሰው ይገድል ነበር። ጉኩራሁንዲ ይባላል። እስከ 1987 በቆየው በዚህ ዘመቻ የሞተው ሰው እስከ 20,000 እንደሚደርስ ይገመታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ነውና።

«ጥፋቱ የመሪው ነው ወይስ የድርቁ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጎጂ መሪን በመለካት ሥራ ውስጥ ከባዱ ጥያቄም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ይህን ለማወቅ አንድ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ሁለት ቦታዎችን ማወዳደር ያስፈልጋል። በ1984 ዚምባብዌ ውስጥ ድርቁ አንድ ነው። መሪው አንድ ነው። በጀቱም አንድ ነው። እህል የደረሰበትና ያልደረሰበት ቦታ የተለየው በፖለቲካ ብቻ ነው። ስለዚህ ደቡብ ማታቤሌላንድ የደረሰው ረሃብ በዝናብ ሊሳበብ አይችልም። ከዚህ የጠራ ማስረጃ በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አገራዊ አማካይ ብቻ ያየ ሰው ግን ይህን አያገኘውም። የ1984ቱ የዚምባብዌ አማካይ ቁጥር ያምር ነበር። ልጆች ይማራሉ፣ ክትባት ይሰጣል፣ እርዳታ ይከፋፈላል። ጉዳቱ አንድ አካባቢ ላይ፣ አንድ ሕዝብ ላይ ተከምሮ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፣ ስለ አንድ መሪ ቁጥር ሲቀርብልዎ «በአማካይ ስንት?» ከማለትዎ በፊት «የባሰበት ማን ነው? የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በክልል፣ በብሔረሰብ፣ በከተማና በገጠር ተከፍሎ ያልቀረበ ቁጥር ስለ ጉዳት የሚነግረን ጥቂት ነው።

ቀድሞ ይታወቅ ነበር ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይታወቅ ነበር። የካቶሊክ ጳጳሳት ገና በ1983 ግድያውን ተቃውመው በይፋ ጻፉ። ሙጋቤ ጳጳሳቱን ወረፏቸው። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የቺሃምባክዌ ኮሚሽን ይባላል። ሪፖርቱ እስከ ዛሬ አልወጣም። የተሟላ ምርመራ ለሕዝብ የቀረበው በ1997 ነው፤ ያቀረቡትም የካቶሊክ የፍትሕና የሰላም ኮሚሽንና የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። በመካከሉ፣ በ1994፣ ብሪታንያ ለሙጋቤ የክብር ናይትነት ማዕረግ ሰጥታለች። ማዕረጉን የነጠቀችው በ2008 ነው። የኤዲንብራም ዲግሪ በ2007 ተነጥቋል። የውጭ ሽልማት እንደ ማስረጃ ሲቀርብልዎ ይህን ያስታውሱ። ወቀሳውም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ ቀድሞ ለማወቅ የምመለከተው አንድ ነገር ነው፦ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሰው ምን ደረሰበት? ጳጳስ ሊሆን ይችላል። ዳኛ፣ ጋዜጠኛ ወይም የስታቲስቲክስ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ተሰማ ወይስ ተወረፈ? ምርመራው ታተመ ወይስ ተቀበረ? እነዚህ ኢኮኖሚው ከመውደቁ በፊት፣ አንዳንዴም አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቀድመው ይታያሉ።

ከ1997 በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ፈጠን ብዬ ልለፈው። በዚያ ዓመት ለቀድሞ ታጋዮች በበጀት ያልተያዘ ክፍያ ተፈቀደ፤ ለእያንዳንዳቸው 50,000 የዚምባብዌ ዶላር። ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ገንዘቡ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። በ1998 ጦሩ ኮንጎ ገባ። በፌብሩዋሪ 2000 መንግሥት ያቀረበውን ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ወደ 55 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ጣለው። የእርሻ ወረራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

መሬቱን በተመለከተ ለጓደኛዎ ፍትሐዊ እንሁን። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ጥቂት ሺህ ነጭ ገበሬዎች የአገሪቱን ምርጥ መሬት ይዘው ሚሊዮኖች ጠፍ መሬት ላይ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። መሬት ካገኙት አነስተኛ ገበሬዎች መካከልም ኑሯቸው የተሻሻለ አሉ። እኔ የምለካው ግን «መሬት ማከፋፈሉ ልክ ነበር ወይ?» የሚለውን አይደለም። የምለካው ሲከፋፈል ተው የሚለው አካል ምን እንደደረሰበት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አወሳሰዱ ሕገ ወጥ ነው ሲል በኖቬምበር 2000 የቀድሞ ታጋዮች ችሎቱን ወረሩት። ዋና ዳኛው አንቶኒ ጉቤይ መንግሥት ለደኅንነታቸው ዋስትና እንደማይሰጥ ተነግሯቸው በ2001 ከጊዜያቸው በፊት ለቀቁ። ፍርድ ቤቱ አዳዲስ ዳኞች ተጨመሩበት። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ማተሚያ ማሽን በቦምብ ተመታ። በ2003 ጋዜጣው ተዘጋ። በሦስት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤቱም ጋዜጣውም የሉም ማለት ነው።

የቀረው ከዚህ ይከተላል። በሜይ 2005 መንግሥት ከተማ አጸዳለሁ ብሎ የድሆች ቤቶችንና ገበያዎችን በዶዘር አፈረሰ። በተባበሩት መንግሥታት የተላኩት ታንዛንያዊቷ አና ቲባይጁካ 700,000 ያህል ሰው ቤቱን ወይም መተዳደሪያውን ወይም ሁለቱንም እንዳጣ ገመቱ። የሐራሬን ውሃ መንግሥት ከከተማው አስተዳደር ወስዶ ለማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ነበር። በ2008 የውሃ ማጣሪያ ኬሚካል አለቀ፣ ቧንቧውና ፍሳሹ ተበላሸ። ኮሌራ ገባ። ከ98,000 በላይ ሰው ታመመ፣ ከ4,000 በላይ ሞተ። ኮሌራ ውሃና ጨው በጊዜ ላገኘ ሰው የሚድን በሽታ ነው። በዲሴምበር 2008 ሙጋቤ ኮሌራው መቆሙን በይፋ ተናገሩ። ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ይሞት ነበር።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ ራሳቸው። ኦፊሴላዊው የዋጋ ንረት በጁላይ 2008 በዓመት 231 ሚሊዮን ከመቶ ነበር። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ መንግሥት ቁጥሩን ማውጣት አቆመ። በጃንዋሪ 2009 የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት ታተመ። በማርች 2008 የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ለመነገር ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ሲነገር የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ 47.9፣ ሙጋቤ 43.2 ከመቶ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ደጋፊዎቻቸው እየተገደሉ ስለነበር ቻንጊራይ ራሳቸውን አገለሉ።

ቁጥር ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ እኔ ያንን እንደ መረጃ እይዘዋለሁ። በየወሩ ይወጣ የነበረ ነገር ያለ ምክንያት ሲቋረጥ ቀኑን መመዝገብ ይገባል። የወጣውንም ቁጥር ዝም ብሎ መቀበል አይቻልም። ሉዊስ ማርቲኔዝ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2022 ባሳተሙት ጥናት መንግሥታት የሚናገሩትን ዕድገት ከሳተላይት ከሚታይ የሌሊት ብርሃን ጋር አነጻጽረው ነበር። አምባገነን መንግሥታት ዓመታዊ ዕድገታቸውን በ35 ከመቶ ገደማ እንደሚያጋንኑ አገኙ። መብራቱን ማንም ቢሮ ተቀምጦ ሊጨምረው አይችልም። እንዲህ ያለ መንግሥት የማይነካው ምንጭ ሲገኝ አጥብቆ መያዝ ነው።

ወደ ማወዳደሩ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የዚምባብዌ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ60 ዓመት በላይ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 40ዎቹ ወረደ። ይህን ሁሉ ሙጋቤ ላይ መጫን ግን ስህተት ነው። ኤች አይ ቪ ነበር። በመልካም አስተዳደር የምትታወቀው ቦትስዋናም የዕድሜ ጣሪያዋ በዚያው ጊዜ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ዚምባብዌ እንዲያውም በ1990ዎቹ መጨረሻ ለኤድስ መከላከያ ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብር አውጥታለች። ጥሩ ሥራ ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቦትስዋና ከ2002 ጀምሮ መድኃኒቱን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ሰጠች። የዚምባብዌ ሆስፒታሎች ደግሞ ሐኪሞቻቸው ተሰደው በ2008 መጨረሻ ትልልቆቹ ሳይቀሩ በራቸውን እስከ መዝጋት ደረሱ። ለመሪው የምጽፈው ይህንን ልዩነት ብቻ ነው። ጠቅላላው ጉዳት ሲቀርብልዎ ጎረቤቱ ያገኘውን ቀንሰው የቀረውን ይዩ።

እኛም ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ታሪክ አለን። ቦትስዋና በ1980ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ስድስት ዓመት በድርቅ ተመትታ ነበር። በእኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱ ድርቅ በወሎና በትግራይ ሕዝብ የጨረሰው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ቦትስዋና ውስጥ ድርቁ ወደ ጅምላ ሞት አልደረሰም። መንግሥት ለችግረኛው ሥራ ፈጥሮ ደመወዝ ከፈለ፣ ልጆችን በትምህርት ቤት መገበ። በእርግጥ ሕዝቧ ያኔ 1 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ አልማዝ ነበራት፣ ጦርነት አልነበረባትም። ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ማስተያየት አይቻልም። ግን አንድ ነገር ያለ አልማዝም ይቻል ነበር፤ መናገር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በማርች 1984 አስጠንቅቆ ነበር። ደርግ ግን በሴፕቴምበር የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ እስኪያከብር ድረስ ረሃቡ እንዲነገር አልፈለገም። እነዚያ ወራት በማንም ድርቅ አይሳበቡም። ሜይ 1991 ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሸሽተው የገቡት ሐራሬ ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ካላቸው በኋላም የሙጋቤ መንግሥት አሳልፎ አልሰጣቸውም።

«መሪ አንድ ሰው ነው፤ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ቤንጃሚን ጆንስና ቤንጃሚን ኦልከን በ2005 ይህን በብልህ መንገድ ፈተሹት። በሥልጣን ላይ እያሉ በሕመም ወይም በአደጋ የሞቱ መሪዎችን ሰበሰቡ። እንዲህ ያለው ሞት ኢኮኖሚው ስለወደቀ ወይም ስለተነሳ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ ዕድገቱ ከተለወጠ የመሪው ተጽዕኖ ነበር ማለት ይቻላል። ያገኙት፣ ልጓም በሌለበት መንግሥት የመሪው መለወጥ ኢኮኖሚውን በጣም እንደሚለውጥ፣ ዴሞክራሲ ባለበት ግን ያን ያህል እንዳልሆነ ነው። ልጓም ያለበት አገር ክፉ መሪም ቢመጣበት ብዙ አያጠፋበትም ማለት ነው።

ስለ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ጥቂት ልበል፤ ሰው በክርክር መካከል እየመዘዘ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ። እኔ በብዛት የምጠቀመው በስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ያለውን፣ የአገሮችን ዴሞክራሲ የሚመዝነውን ቪ-ዴም ነው። ከ1789 ጀምሮ ያለውን ይሸፍናል፤ ዳኝነትን፣ ፕሬስን፣ ምርጫን ለየብቻ ያሳያል፤ የእርግጠኝነቱንም መጠን፣ ማለትም ቁጥሩ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል፣ አብሮ ያወጣል። ሁለት ዓመት ሲያወዳድሩ እነዚህ ወሰኖች ከተደራረቡ «ወረደ» ወይም «ወጣ» አይበሉ። ፍሪደም ሃውስ ለአገሮች የነፃነት መጠን ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ለአገራዊ ግንዛቤ ይበቃል፤ ስለ አንድ መሪ ለመናገር ግን ከነጥቡ ጋር የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ የሚለካው ሰዎች ስለ ሙስና ያላቸውን ግምት ነው፤ የተሰረቀውን ገንዘብ አይቆጥርም። አሠራሩም በ2012 ስለተለወጠ ከዚያ በፊት ካለው ጋር አይወዳደርም። የዓለም ባንክ የአስተዳደር መለኪያ በደረጃ ሲቀርብ ደግሞ አገርዎ ምንም ሳይለወጥ ሌሎች ስለተሻሻሉ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ሁሉም ይጠቅማሉ። ዳኛ ሆነው ግን አይፈርዱልንም።

መለኪያዎቹ ሁሉ የሚደክሙበት ቦታም አለ። መሪው ሲሄድ ጉዳቱ አብሮ የሄደ ይመስላቸዋል። ሙጋቤ በኖቬምበር 2017 በጦሩ ግፊት ወረዱ፣ በ2019 ለሕክምና በሄዱበት ሲንጋፖር ሞቱ። የተተኩት ኤመርሰን ምናንጋግዋ በጉኩራሁንዲ ጊዜ የአገር ደኅንነት ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። በኦገስት 2018 ወታደሮች ሐራሬ ውስጥ ስድስት ሰው ገደሉ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ የዚህኛው ሪፖርት ታተመ። ከ1980ዎቹ ጋር ሲተያይ ይህ የሚመዘገብ መሻሻል ነው። የቺሃምባክዌ ሪፖርት ግን አሁንም አልወጣም። ስለዚህ ሁለት መዝገብ እይዛለሁ። አንዱ ለሰውዬው ነው፤ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በሥልጣን ዘመኑ ነው። ሁለተኛው ለዳኛው፣ ለጋዜጣው፣ ለቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰውዬው ሲወርድ አይዘጋም።

ራስዎ መሞከር ከፈለጉ ከአፍሮባሮሜትር ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ከ1999 ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰው ቤት ድረስ እየሄደ ይጠይቃል፤ መረጃውም በነፃ ይገኛል። በተለያዩ ዙሮች ሰዎች ስለ ፖለቲካ ሲናገሩ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለባቸው ይጠየቃሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን ጥናት ማን የላከው ይመስልዎታል ተብለው ይጠየቃሉ። ብዙ ሰው «መንግሥት ነው የላካችሁ» ብሎ ይመልሳል። ለመሪው ያለውን ድጋፍ፣ መንግሥት የላካቸው በመሰላቸውና ባልመሰላቸው ሰዎች መካከል ለያይተው ያስሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሰፊው ክፍል ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ከጓደኛዎ ጋር ሁለታችሁም የምታውቁትን አንድ አገር መርጣችሁ አብራችሁ ሥሩት፤ ከጨረሳችሁም ውጤቱን ላኩልኝ።